ጫማ የደበቀው

ሮማነወርቅ ወደ መቻራ ልትላክ መሆኑን የሰማችው በግድግዳ ነው። ቅዳሜ ማለዳ፣ ፀሐይ ገና ከተራራው ሳትወጣ፣ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ የግራ እግር ካልሲዋን ወደ መስኮቱ አዙራ ስትመለከት፣ የወንድሟ ሚስት የባየች ድምፅ ከወዲያኛው ክፍል መጣ። ግድግዳው ጭቃ ነው፤ ብርድ እንዳያስገባ አሮጌ ጋዜጣ ተለጥፎበታል፤ ወሬ ግን አያቆምም። «አጎትህ አርጅቷል፤ ውሃ የሚያቀብለው የለም። እሷ ደግሞ ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ ምን ይይዛታል? ፋሲካ ይለፍና ቡና ሊጭን የሚሄድ መኪና ላይ አሳፍራት። ልጆቹም ክፍሉን ያገኛሉ።» ሮማነወርቅ የሽፈራውን መልስ ጠበቀች። ወንድሟ ጉሮሮውን ጠረገ። «እስቲ ፋሲካ ይለፍ» አለ። እምቢ አላለም። እሺም አላለም። ሠላሳ አራት ዓመት አብራው ስለኖረች ግን የወንድሟን «እስቲ» ታውቀዋለች፤ ከ«እሺ» የሚለየው በቀኑ ብቻ ነው።

አላለቀሰችም፤ በሩንም ከፍታ አልተጣላችም። ፋሲካ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እሷ የምትፈልገው ግን ዛሬን ነበር። ሐሙስ ዕለት ጓደኛዋ ፋጤ ጫቷን ሸጣ ስትመለስ በር ላይ ቆማ፣ «አክስቴ አዴ ዘይቱና ቅዳሜ ከዙሁር ስግደት በኋላ ነይ ብላሻለች፤ የበረንዳው ነገር ነው» ብላት ነበር። የአዴ ዘይቱና በረንዳ ዋናው መንገድ ላይ ነው። ከድሬዳዋ ወደ አዲስ አበባ የሚያልፍ ሁሉ ያየዋል። ትርፍ ቤት ከተወረሰ ወዲህ በአሰበ ተፈሪ፣ በአገሬው አፍ ጪሮ በምትባለው፣ ሱቅ የሚያከራይ የለም፤ ስለ በረንዳ ግን አዋጁ ያለው ነገር የለም። አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ ወንበር፣ አንድ መስታወት እዚያ ቢቀመጥ የሚናገር የለም። በረንዳውን ካገኘች የራሷ እንጀራ ይኖራታል፤ የራሱ እንጀራ ያለውን ሰው እንደ ኩንታል መኪና ላይ የሚጭነው የለም። ካላገኘች መቻራ ነው። ፋጤ መንገድ ከጀመረች በኋላ ተመልሳ፣ «እንዳትዘንጪ ደግሞ ብላለች» አለች። «የዘወትርሽን ለብሰሽ ነይ፤ የክት ልብስማ ሁሉም ሰው አለው ብላለች። ታደሰ ካኪ ሰፊውም በረንዳውን ይፈልገዋል፤ እንዳትቀሪ።»

የሮማነወርቅ የዘወትር ልብስ የከተማው መነጋገሪያ ነው። እናቷ ወይዘሮ ሳህሊቱ በንጉሡ ጊዜ የአውራጃው ሹማምንት ሚስቶች ልብስ ሰፊ ነበሩ። ለራሳቸውም ስምንት ቀሚስ ነበራቸው፤ ኮሌታው ሰፊ፣ ወገቡ ጠበብ ያለ፣ ታቹ ክሎሽ፣ ከጉልበት በታች አንድ ስንዝር የሚወርድ። ሲሞቱ ቀሚሶቹ እንደ ወጉ ለቅሶው ላይ ወጡ፤ ሴቶች አንድ በአንድ እያነሱ አለቀሱባቸው። ከአርባው በኋላ ለነዳይ ሊሰጡ ሲጠቀለሉ ሮማነወርቅ ጥቅሉን ፈታችው። «ለነዳይ የእኔን ስጡ፤ እነዚህን እኔ እለብሳቸዋለሁ» አለች። ጥቁሯን ዓመት ሙሉ ለብሳ ስትጨርስ ስምንቱን በልኳ አደረገቻቸውና፣ ለበዓል ሳይሆን ለሥራ ቀን፣ ለቀበሌ ሰልፍ፣ ለወፍጮ ቤት ትለብሳቸው ጀመር። ባየች «ሙሾ የወረደበት ልብስ» ትላቸዋለች። መጀመሪያ ሰው ዞሮ እያየ ሳቀ። ጨርቅ ግን ቀበሌ ሱቅ የሚመጣው በስንት ጊዜ አንዴ ነው፤ የሚመጣውም ካኪ ነው፤ በየቤቱ ሣጥን ውስጥ ደግሞ የእናቶች ልብስ ተጣጥፎ ተቀምጧል። ዓመት ሳይሞላ እነዚያው የሳቁት ሴቶች «ሮማንዬ፣ የኔም እናት እንዲህ ያለ ነበራት» እያሉ በጓሮ በር መምጣት ጀመሩ።

ያስቸገራት እግሯ ነው። እናቷ «ልብስ ከአንገት ይጀምራል፣ እግር ላይ ያልቃል፤ ያላለቀ ልብስ ለብሰሽ አትውጪ» ይሉ ነበር። ያላት ግን የላስቲክ ጫማ ነው፤ ከተማው በሙሉ የሚያደርገው፣ ፀሐይ ሲመታው የሚሸት። ዛሬ የመረጠችው ግራጫ ቀሚስና የላስቲኩ ጫማ የተጣሉ ጎረቤቶች ይመስላሉ። በካልሲ በኩል አልተቸገረችም። ከጉልበት በላይ በላስቲክ የሚያዝ ረጅም የጥጥ ካልሲ አላት፤ ሲገዛ የፈረንጅ ገላ ይመስል ነበር፤ ሁለት ጊዜ በቡና ገለፈት ቀቅላ የራሷን እግር መልክ ሰጠችው። አያበራም፣ አይንሸራተትም፤ ለዘወትር ከዚህ የተሻለ የለም። ጉድለቱ አንድ ነው። የግራው አውራ ጣት ላይ አሥር ሳንቲም የሚያሳልፍ ቀዳዳ አለው። መርፌ አነሳች፤ ክር አስገባች። «ሮማን! ቀበሌ ሳሙና መጥቷል፣ ሰልፍ ያዢልን የኔ እናት!» አለች ባየች ከውጭ። ቅድም በግድግዳ የመጣው ድምፅ አሁን በበር ሲመጣ ማር ማር ይል ነበር። ሮማነወርቅ መርፌውን ትራሷ ላይ ሰክታ ካልሲውን አጠለቀች። ዛሬ ጫማ ልትገዛ ነው፤ አፍንጫው የተዘጋ ጫማ። እዚያ ውስጥ ያለውን ከባለ እግሩ በቀር የሚያውቅ የለም።

ሳሎን ውስጥ ሽፈራው ዜና ያዳምጣል። ሬዲዮው የተቀመጠው በእናታቸው የስፌት መኪና ላይ ነው፤ ባየች ዳንቴል አልብሳ ጠረጴዛ አድርጋዋለች። ሮማነወርቅ ልትሰፋ ስትል ሬዲዮውን ታነሳለች፣ ዳንቴሉን ታጥፋለች፤ ስትጨርስ ሁሉን እንደነበረ ትመልሳለች። ወንድሟ ቀና ብሎ አያት። ዓይኑ ኮሌታዋ ላይ ጥቂት ቆየና ወደ ሬዲዮው ተመለሰ። «ብርድ ነው፣ ነጠላ ደርቢ» አላት። «አይበርደኝም» አለችው።

ሳሙናው የደረሳት ወደ አራት ሰዓት ገደማ ነው። ቤት አድርሳ ገበያ ወረደች። ቅዳሜ የጪሮ ገበያ ሰው ከሰው ጋር ተጋፍቶ የሚሄድበት ቀን ነው፤ የመሰላ ሽንኩርት፣ የሂርና ጫት፣ በግመል የመጣ ጨው፣ ሁሉም በአንድ ጭቃ ላይ ይዘረጋል። አብዱረዛቅ ከታችኛው ጫፍ ነው። ሳልባጅ ይሸጣል። ሸራ በሁለት እንጨት ወጥሮ፣ ከድሬዳዋ የመጣ ቦንዳ ፈትቶ ያፈሰዋል፤ ልብሱን በቀኝ፣ ጫማውን በግራ። ጫማውን ጥንድ ጥንድ አድርጎ አያስርም። የታሰረ ጫማ ሰው አይቶ ያልፋል፤ የተበተነ ግን ጎንበስ ያሰኛል፤ ጎንበስ ያለ ሰው ደግሞ ባዶ እጁን ለመነሳት ያፍራል፤ ይህ የአብዱረዛቅ ትምህርት ነው።

«የንጉሡ ጊዜ መጣች!» ብሎ ጮኸ ገና ሲያያት። ከኋላው ጥቁር፣ ታኮው እንደ ጣት የቀጠነ፣ አፍንጫው የሾለ ጫማ አወጣ። «ላንቺ ብዬ ደብቄው ነው፣ ወላሂ። እነዚህ ቀሚሶችሽ ይሄን ነው የሚሉት።»

«ይሄን አድርጌ ወፍጮ ቤት ልሂድ?»

«ወፍጮ ቤት ባል አይጠፋም።»

«እዚያ ያለው ዱቄት ነው። መልሰው።»

ከአጠገቡ የተቀመጠች የሂርና ሴት ሳቀችና፣ ግራ ቀኝ አይታ ከጉያዋ በወረቀት የተጠቀለለ ናይሎን ካልሲ አወጣች። ሮማነወርቅ እጇን አስገብታ ጣቶቿን ዘረጋች። ስስ ነው፤ ከኋላው ቀጥ ያለ ስፌት አለው። እጇን ወደ ብርሃን ስታዞረው አንጸባረቀ። ዕቃው ጥሩ ነበር። ስድስት ብርም አልበዛበትም። «ለሠርግ ነው ይሄ» ብላ መለሰችላት። «በሥራ ቀን የሚያበራ እግር፣ ሠርግ ቤቱ ጠፍቶት የሚዞር ሰው ያስመስላል።» ሴትዮዋ አልተቀየመችም። «ሠርግ ሲመጣ ሂርና ጠይቂኝ» ብላ ወደ ጉያዋ መለሰችው።

ሮማነወርቅ ክምሩ ላይ አጎነበሰች። ነጭ ሸራ ጫማ አነሳች፤ በጪሮ ጭቃ ነጭ ሸራ አንድ ቀን ነው። ማንጠልጠያው የተበጠሰ ሰንደል አነሳች፤ ካልሲ በሰንደል አይሆንም። ሦስተኛው ላይ እጇ ቆመ። ቡናማ፣ ታኮው ዝቅ ያለ፣ በማሰሪያ የሚታሰር የቆዳ ጫማ፣ የቀኝ እግር። ሶሉን አጠፈችው፤ ታጠፈ፣ አልጮኸም። እጇን አስገብታ ምስማር ፈለገች፤ የለም። ቆዳው አርጅቷል፣ አልተሰነጠቀም። ካልሲዋ ላይ አድርጋ ቆመች፤ ጫማ የሚለካው በሚደረግበት ካልሲ ነው። ወደ ታች አየች። ቀሚሱ ግራጫ፣ ካልሲው የቡና መልክ፣ ጫማው ከካልሲው አንድ ደረጃ የጠቆረ፤ ዓይን ከኮሌታው ተነስቶ ሳይደናቀፍ መሬት ይደርሳል። «ይሄ ነው» አለች ለራሷ። የቀረው ግራው ነው። ክምሩን እስከ ታቹ ገለበጠችው። የለም። ቀና ስትል ዓይኗ ሸራውን በወጠረው እንጨት ላይ አረፈ፤ ከእንጨቱ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ እንዳይሰምጥ፣ አንድ ቡናማ ጫማ ተወሽቋል።

«አብዱረዛቅ፣ ግራው እዚያ ነው።»

ዞሮ አየ። «እሱ አይሸጥም። ቤቴን ያቆመው እሱ ነው።»

«ቤትህን በድንጋይ አቁመው።»

«ከማለዳ ጀምሮ መቶ ሰው አልፎታል፣ ማንም አላየውም። ምን ዓይነት ዓይን ነው ያለሽ አንቺ?»

ድንጋዩን ራሷ አመጣች። እሱ እንጨቱን አቅፎ ሲያነሳ እሷ ጫማውን ስባ ድንጋዩን ወሸቀች። ሸራው አንዴ ተወዛወዘ፤ የሂርናዋ ሴት ጮኸች፤ ከዚያ ቆመ። ሃያ ብር ብሎ ነበር። የግራውን ጭቃና ከጎኑ የለቀቀውን ስፌት አሳየችው። አሥራ ሁለት ላይ ተጨባበጡ፤ «አሥራ ሁለት ከነድንጋዩ ነው» አለችው።

ጫማ ሰፊው ዓሊዩ ከመስጊዱ አጥር ሥር ይቀመጣል። ሮማነወርቅ በርጩማው ላይ ተቀምጣ የላስቲኩን ጫማ ስታወልቅ አውራ ጣቷ ወጣች። ሽማግሌው የለቀቀውን ስፌት በወስፌ እየወጋ ጣቷን አየ፣ እሷን አየ።

«ልብስ ሰፊ አይደለሽም እንዴ?»

«ነኝ።»

«ጣትሽ ወሬው አልደረሳትም።»

ሳቀች። «የተሰፋ ጣት ጫማ ውስጥ ይቆረቁራል፣ አባ ዓሊዩ። ደግሞ ጫማው ይደብቀዋል።»

«ጫማ ምንም አይደብቅም፣ ልጄ። እኔ ጋ የመጣ ሁሉ አውልቆ ነው የሚቀመጠው።» ክሩን በጥርሱ በጠሰ፤ ቀለም ቀባ፤ በጨርቅ እስኪሞቅ ወለወለ። ሲጨርስ ጫማው አዲስ አልመሰለም፤ በደንብ የተያዘ አሮጌ መሰለ፤ እሷም የፈለገችው ይህንኑ ነበር። የዙሁር አዛን ተሰማ። በተራራው በኩል ሰማዩ ጠቁሯል። መርፌው ትራሷ ላይ እንደተሰካ ትዝ አላት፤ ቤት ደርሳ ለመመለስ ግን ጊዜ የለም። ደግሞም ጫማው አለ።

ወደ ላይ ስትወጣ በመድኃኒት ቤቱ መስታወት ራሷን አየች። ቆም ብላ በልብስ ሰፊ ዓይን መረመረች፤ የምትነቅፈው አላገኘችም። የምትለውን አዘጋጅታለች። አዴ ዘይቱና እንደ ወትሮው በረንዳው ላይ፣ የሽቦ ወንበራቸው ላይ ይሆናሉ፤ እሷ ከደረጃው በታች ትቆማለች፤ ሴትየዋ መጀመሪያ የሚያዩት እግሯን ነው። የበረንዳ ነገር በረንዳ ላይ ይወራል። ይህን ስታስብ የመጀመሪያው ጠብታ ኮሌታዋ ላይ ወደቀ። ሮጠች። በረንዳው ስትደርስ ዝናቡ መጥቶ ነበር፤ ጫት ሻጮቹ ተበትነዋል፤ የሽቦ ወንበሩ ግድግዳው ላይ ተደግፏል። በሩ ክፍት ነው። ከደፉ ውጪ አምስት ጫማ ተደርድሯል፤ ነጠላ ጫማ፣ ላስቲክ፣ ሸበጥ።

ሮማነወርቅ ጫማዎቹን አየች። በዚህ ከተማ ተወልዳ ያደገች ናት። የእስላም ቤት ጫማ አውልቆ እንደሚገባ ከፊደል በፊት ነው ያወቀችው። ግን ስለ በረንዳ ብቻ ስታስብ ሰንብታ ከበረንዳው ቀጥሎ ቤት እንዳለ ረስታ ነበር። ፋጤ በሩ ላይ ብቅ አለች፣ «ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ!» ከውስጥ የአዴ ዘይቱና ድምፅ መጣ፣ «ኮቱ፣ ኮቱ፣ ግቢ ልጄ!» ካልሲዎቹን ላውልቃቸው ብላ አሰበች፤ ቀሚሷን እስከ ጭን ገልባ ላስቲክ ልትፈታ ነው፣ መንገድ ዳር፣ መኪና እያለፈ። ነገ ልምጣ ልበል ብላ አሰበች፤ ነገ ታደሰ ካኪ ሰፊው እዚህ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ማሰሪያውን ፈታች። ቀኙን አወለቀች፤ ግራውን አወለቀች። ጫማዎቹን ከሌሎቹ ጎን አስተካክላ አቆመች። ከዚያ ቀጥ ብላ፣ ጣቷን ሳታጥፍ ገባች።

ምንጣፍ ላይ አራት ሴቶች ተቀምጠዋል፤ አዴ ዘይቱና መሃል፣ ትራስ ተደግፈው። ዕድሜያቸው ሰባ ይሆናል። ከሩቅ እንደ ጭልፊት ያያሉ፤ ከቅርብ የሚያዩት በጣታቸው ነው። ሰላምታው ረዘመ፤ ስለ ወንድሟ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ጠየቁ። ከቡና ገለፈት የሚፈላው ሆጃ ቀረበ። «ጾመኛ ናት፤ ወተት የሌለበት ስጧት» አሉ ፋጤን። ሮማነወርቅ ሲኒዋን ይዛ ቆማ ሳለ ዓይናቸው ሥራውን ጀመረ፤ ኮሌታ፣ ትከሻ፣ ወገብ፣ ጠርዝ፣ ካልሲ። ከዚያ ቆመ። ከጎናቸው ያለችው ወፍራም ሴት ቀድማ ተናገረች።

«ጣቷ ብቻዋን ሰላም ብላናለች።»

ቤቱ በሳቅ ተሞላ። ፋጤ አፏን በሻሿ ያዘች። ሮማነወርቅም ፈገግ አለች፤ ጣቷን ግን አላጠፈችም። አዴ ዘይቱና አልሳቁም።

«ካልሲውን በምን ነከርሽው?»

«በቡና ገለፈት ነው፣ አዴ።»

«እኛ የምንጠጣውን እሷ ትለብሳለች» አለች ወፍራሟ፤ እንደገና ሳቁ።

አዴ ዘይቱና እጃቸውን አነሱ፤ ሳቁ ቆመ። «ታደሰ ትናንት መጣ። ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። ስኳሩን ጠጣነው፣ በረንዳው ግን አልሟሟም። እሱ ካኪ እንጂ ሌላ አያውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ ይሉኛል። ሦስት ሣጥን ልብስ አለኝ፤ የእኔ፣ የእህቴ፣ የልጆቼ። አሁን ግን አንድ ነገር አየሁ። አፍንጫው የተዘጋ ጫማ አድርገሽ መጣሽ፤ የማይታየውን ተውሽው። የእኔን ልጅ ቀሚስ ውስጡን እንዲህ አድርገሽ ብትሰጪኝ በምን አውቃለሁ?»

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ሮማነወርቅ ስለ ሳሙናው ሰልፍ ልትናገር ትችል ነበር። ስለ መርፌው፣ ስለ ባየች። ያ ሁሉ ወሬ ነው። «እውነት ነው፤ ተውኩት» አለች። «ለራሴ ተውኩ። ለሰው ትቼ አላውቅም።»

«ለራሷ የምትተው አንድ ቀን ለሰውም ትተዋለች።»

«እንግዲያው ውስጡን ይዩት።» ሲኒዋን አስቀመጠች፤ ምንጣፉ ላይ ወረደችና ከአሮጊቷ አጠገብ ተቀመጠች፤ የቀሚሷን ጠርዝ ገልብጣ ውስጡን እጃቸው ላይ አኖረችው። «ይህን ቀሚስ እናቴ ሰፉት። ለእኔ ጠቦኝ ግራና ቀኙን ፈትቼ አሰፋሁት፤ ግማሹን ጠርዝ እንደገና ሰፋሁ። የቱ የእናቴ፣ የቱ የእኔ እንደሆነ ይንገሩኝ። ከለዩት እሄዳለሁ፤ በረንዳውን ለታደሰ ይስጡት።»

ሴቶቹ ተጠጉ። አዴ ዘይቱና ዓይናቸውን ጨፈኑ። አውራ ጣታቸው ስፌቱ ላይ ቀስ ብሎ ሄደ፤ ቆመ፤ ተመለሰ፤ እንደገና ሄደ። የወይዘሮ ሳህሊቱን እጅ ያውቃሉ፤ የራሳቸውን የሠርግ ልብስ የሰፉት እኚሁ ሴት ነበሩ፤ ሮማነወርቅ ግን ይህን አታውቅም ነበር። በጠርዙ ዙሪያ ሁሉ ሄዱበት። በመጨረሻ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«ይሄ የሳህሊቱ ነው። ወላሂ የእሷ ነው። እንዲህ ጠበቅ ታደርግ ነበር።»

«እሱ የእኔ ነው፣ አዴ» አለች ሮማነወርቅ። ክሩን ከጎናቸው ላሉት ሴቶች አሳየች፤ የእናቷ ክር ሐር ነው፣ የእሷ የቀበሌ ጥጥ።

አዴ ዘይቱና ዓይናቸውን ገለጡ። ለጥቂት ጊዜ ጠርዙን አለቀቁም። ከዚያ እንደ ማንኛውም የተሸነፈ ሽማግሌ ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ኪራይ አልፈልግም፤ ኪራይ የጠየቀ የት እንደደረሰ አይተናል። በዓመት አንዴ የቤቴን ሴቶች ታለብሺያለሽ። ጠዋት ለጫት ሻጮቹ ግማሹን ትተዪላቸዋለሽ። ሰኞ መኪናሽን አምጪ።» ጣታቸውን ወደ እግሯ ቀሰሩ። «ያንን ይዘሽ ግን በረንዳዬ ላይ አትቀመጪም። ፋጤ! መርፌና ክር ስጫት።»

ሮማነወርቅ ከበሩ ኋላ ላስቲኩን ፈትታ የግራውን ካልሲ አወለቀችና ወደ በረንዳው ወጣች። የሽቦ ወንበሩን ከግድግዳው አንስታ ወደ መንገዱ አዙራ ተቀመጠች። ዝናቡ እየከሰመ ነበር። መኪና አለፈ፤ ሾፌሩ ዞሮ አየ። ሥራ ያላት ሴት በሥራ ቦታዋ ተቀምጣ ትሰፋለች፤ ሌላ የሚታይ ነገር አልነበረም። ክሩን በቁመት ወጠረች፤ ከዚያ በወርድ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች እያሳለፈች እንደ ሸማኔ ሞላችው፤ ጫፉን ጠፍጣፋ አድርጋ ሰወረችው። ፋጤ ደፉ ላይ ተቀምጣ ታያታለች። «የመጀመሪያ ደንበኛሽ ራስሽ ሆንሽ» አለቻት። «ዋጋ እንዳትቀንሺላት።» ሮማነወርቅ ከበሩ ኋላ ካልሲውን አጥልቃ ተመለሰችና ጫማዋን አሰረች። አውራ ጣቷን አንቀሳቀሰች። አልቆረቆራትም።

ቤት ስትደርስ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ባየች ምስር ትለቅማለች፤ ሽፈራው ሬዲዮውን ከፍቶ ተቀምጧል። ሮማነወርቅ ደጁ ላይ ጭቃውን ከጫማዋ ጠረገች። «ሰኞ ጠዋት የስፌት መኪናውን የሚሸከም ሰው እፈልጋለሁ» አለች።

«የት ሊሄድ?» አለች ባየች።

«አዴ ዘይቱና በረንዳ። ቦታ ሰጥተውኛል።»

ባየች የያዘችውን ምስር ወደ ሰፌዱ መለሰችው። ሽፈራው እህቱን አየ፤ ሚስቱን አየ፤ ከዚያ ሳያስበው፣ «መቻራስ?» አለ።

ቃሉ ከአፉ ከወጣ በኋላ ነው እህቱ መቻራን ከማን ልትሰማ እንደምትችል ያሰበው። ዓይኑ ጋዜጣ ወደተለጠፈበት ግድግዳ ሄደ፤ እዚያው ቀረ።

«የቡናው መኪና እኔን ሳይጠብቅ ይሂድ» አለች ሮማነወርቅ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «ክፍሉን ስለቅ እነግራችኋለሁ። እስከዚያ ልጆቹ እኔ ጋ ይተኙ።»

ወንድሟ ተነሳ። ሬዲዮውን በሁለት እጁ አነሳ፤ የት እንደሚያደርገው ሳያውቅ አቅፎት ጥቂት ቆመና፣ መስኮቱ ደፍ ላይ አኖረው። ዳንቴሉን ራሱ አጠፈው፤ ሲያጥፍ አላወቀበትም፤ አራት ጊዜ ሳይሆን ሦስት ጊዜ አጠፈው። «ሰኞ ከሥራ በፊት እኔ እሸከመዋለሁ» አለ። ሮማነወርቅ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ልማዱን ከአዴ ዘይቱና ቤት ይዛው እንደመጣች ሁሉ፣ በክፍሏ ደፍ ላይ ጫማዎቿን አውልቃ ጎን ለጎን አቆመችና በካልሲዋ ገባች። ባየች ከምስሯ ቀና ብላ እግሯን ተከትላ አየች። የሚታይ ነገር አልነበረም።